የደከመ ቧንቧ፤ ራሳችን እንጠግነው ወይስ ባለሙያ እንጥራ?

ለመጽሔታችን ስለ ቧንቧ ልጽፍ መነሣቴን የሰሙ አንዳንድ የክፍሌ ልጆች «ሌላው ስለ ከዋክብት ሲጽፍ አንቺ ወደ ጭቃ ወረድሽ?» ብለው ሥቀውብኛል። መውረዱንስ ወርጃለሁ፤ ጫማዬ ምስክር ነው። ዳሩ ግን ከዋክብቱን የሚመለከታቸው ሰው ሞልቷል፤ የቤታችንን ቧንቧ ግን የሚመለከተው በመጥፋቱ እናቴ እንቅልፍ አጥታ ከረመች። ስለዚህ በቤት ውስጥ የውኃው አወራረድ ሲደክም ፍለጋው ከየት እንደሚጀመር፣ ምኑን ራሳችን ልንሠራው እንደምንችልና ምኑን ለባለሙያ መተው እንደሚገባን፣ ካየሁትም ካበላሸሁትም ጥቂት ላስረዳ እወዳለሁ።

ቤታችን በአዲስ አበባ ከእንጦጦ ግርጌ ካሉት ሠፈሮች በአንዱ ይገኛል። ውኃ የሚመጣልን በፈረቃ ነው፤ ይኸውም በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ መጥቶ ሲነጋ ይሄዳል። እናቴ እንጀራ እየጋገረች ለሱቆች ስለምታስረክብ፣ በእኛ ቤት ውኃ የሚፈለገው ለመጠጥና ለመታጠብ ብቻ ሳይሆን ለሊጡም ነው። በግቢያችን እያንዳንዳቸው 200 ሊትር የሚይዙ ሦስት በርሜሎች አሉ። ቀድሞ ሦስቱም በአንድ ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ ይሞሉ ነበር። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ግን ውኃው እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄዶ በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ እንደ ክር ሆነ። እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ፣ ጎማውን ከአንዱ በርሜል ወደ ሌላው ስታዛውር ሌሊቱ 8 ሰዓት ይሆናል፤ 10 ሰዓት ላይ ደግሞ ተነሥታ ምጣዱን ትጥዳለች። አንድ ቀን ጠዋት ምጣዱ አጠገብ እንቅልፍ ሸለብ አድርጓት ክንዷ ተቃጠለ። እኔ ስለ ቧንቧ ማሰብ የጀመርሁት ከዚያን ቀን ወዲህ ነው።

አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር በመሆኑ ብዙውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ አጎቴ አንድ የቧንቧ ሠራተኛ ይዞልን መጣ። ሰውዬው የመጣው ውኃ በሌለበት ቀን ነበር። ደረቁን ቧንቧ ከፍቶ ዘጋው፤ እናቴ የምትለውን ቆሞ ሰማ፤ «ይህ ግፊት የለውም፤ ፓምፕ ይግባለት» አለና የመጣበትን ተቀብሎ ሄደ። እናቴ ልትጋብዘው ያሰበችው ቡና ገና አልተወቀጠም ነበር። የፓምፑ ዋጋ ተጠይቆ ሲመጣ እሷ በሁለት ወር ከምታተርፈው የሚበልጥ ሆኖ ስለተገኘ፣ ዕቁቧ እስኪደርሳት ድረስ ነገሩ እንዲቆይ ተደረገ።

እኔን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ግፊት ከሌለ፣ ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን በርሜላቸውን ሞልተው በጊዜ የሚተኙት በምን ምክንያት ነው? ይህን ለአጎቴ ብጠይቀው «አንቺ ትምህርትሽን ተማሪ» አለኝ። እኔም እንደ ቃሉ ትምህርቴን ይዤ ተነሣሁ፤ የፊዚክስ መምህራችን ስለ ፈሳሽ ነገሮች ያስተማሩን ምዕራፍ ከደብተሬ ውስጥ ነበረና።

የውኃን አወራረድ ለመለካት የሚያስፈልገው ዕቃ በማንም ቤት ይገኛል፤ ልኩ የታወቀ ባልዲ፣ ሰዓት፣ ደብተርና እርሳስ ብቻ ነው። ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ባልዲው እስኪሞላ የፈጀውን ጊዜ መጻፍ ነው። ውኃው በመጣ ምሽት ታናሽ ወንድሜ ሰዓት ይዞ፣ እኔ ባልዲ ይዤ ለካን። በግቢው ቧንቧ 10 ሊትር ለመሙላት 5 ደቂቃ ፈጀ፤ በደቂቃ 2 ሊትር ማለት ነው። የወጥ ቤቱ ደግሞ የባሰ ሆኖ 6 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ወሰደ። ከዚያ ጎረቤታችንን አስፈቅደን በእሳቸው ግቢ ለካን። 50 ሴኮንድ! ወንድሜ ሰዓቱ የቆመ መስሎት ነቀነቀው። ደግመን ብንለካም ያው ሆነ። እነሆ፣ የእሳቸው ቧንቧ በደቂቃ 12 ሊትር፣ የእኛ 2 ሊትር። ለሦስቱ በርሜሎች 600 ሊትር የሚያስፈልግ በመሆኑ፣ 600 ለ2 ሲካፈል 300 ደቂቃ ይሆናል፤ ይኸውም እናቴ በርጩማ ላይ የምታሳልፋቸው አምስት ሰዓቶች ናቸው።

እዚህ ላይ ስለ ግፊት ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ውኃ ወደ ቧንቧችን የሚመጣው ተገፍቶ ነው፤ የሚገፋውም ከእኛ ከፍ ብሎ የተጠራቀመው ውኃ ክብደት ነው። ከቧንቧው በላይ 10 ሜትር ከፍታ ያለው ውኃ የከባቢ አየርን ግፊት ያህል ግፊት ይሰጣል፤ 20 ሜትር የሆነ እንደሆነ እጥፍ ይሆናል። አዲስ አበባ ደግሞ ተዳፋት ከተማ ናት። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ሲበልጥ የአቃቂ ሜዳ 2100 ሜትር ገደማ ነው። ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች፣ ከአቃቂም ጉድጓዶች የሚመጣው ውኃ ይህን ሁሉ ከፍታ በአንድ ወጥ መሥመር ቢያዳርስ፣ ከታች ያለው ቧንቧ በግፊት ብዛት ይፈነዳል፤ ስለዚህ በየከፍታው በተሠሩ ማጠራቀሚያዎች እየተከፋፈለ ይታደላል። ከተራራ ሥር የምንኖር ሰዎች አንዳንድ ጊዜ ግፊት ቢያንሰን የሚያስደንቅ አይደለም። ነገር ግን እኛና ጎረቤታችን በአንድ መንገድ፣ በአንድ ከፍታ፣ በአንድ መሥመር ላይ ነን። ግፊቱ ለእሳቸው ከደረሰ ለእኛም በራችን ድረስ ደርሷል። የቀረው፣ በራችን ደርሶ ሳለ የከለከለውን ነገር መፈለግ ነው። ጎረቤቶች ሁሉ የደከመባቸው ቢሆን ኖሮ ግን ቤታችንን ማፍረስ ከንቱ ነበር፤ አቤቱታችንን ለውኃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤት ማቅረብ እንጂ።

ስለ ፓምፑም አንድ ነገር ልጨምር፤ በየሠፈሩ የሚደረግ ስለሆነ ዝም ብዬ ባልፈው ደስ አይለኝም። ፓምፕን ከመንገዱ መሥመር ጋር በቀጥታ አገናኝቶ መሳብ የራስን ችግር ወደ ጎረቤት ማሻገር ነው፤ በዚያ መሥመር ላይ ያሉት ሌሎች ቤቶች የሚደርሳቸው ውኃ ይቀንሳልና። ከዚህም የከፋ ጉዳት አለበት። ፓምፑ በኃይል ሲስብ በመሥመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ግፊት በታች ሊወርድ ይችላል። በዚህ ጊዜ በመሬት ውስጥ ያለው ቧንቧ ስንጥቅ ካለው፣ ውኃ ወደ ውጭ በሚያፈስበት ቀዳዳ የውጭው ቆሻሻ ወደ ውስጥ ይገባል። የእዳሪ ፍሳሽ የሚያልፍበት ቦይ ቅርብ ከሆነ ምን እንደምንጠጣ አንባቢ ራሱ ያስበው። ፓምፕ ማስገባት የግድ የሚሆንበት ቤት ቢኖር፣ ውኃው በራሱ ጊዜ ገብቶ ከተጠራቀመበት ጋን ላይ መሳብ እንጂ ከመንገድ መሥመር ላይ መሳብ አይገባም።

እንግዲህ ወደ ፍለጋው እንመለስ። ከሁሉ አስቀድሜ የወጥ ቤቱን ቧንቧ ያዝሁ፤ ከግቢው የባሰ በመሆኑ የራሱ የሆነ ተጨማሪ እንቅፋት እንዳለበት ግልጽ ነበር። የዛሬ ዘመን ቧንቧዎች ብዙዎቹ ከአፋቸው ላይ ትንሽ ወንፊት አላቸው፤ ውኃውን ከአየር ጋር ቀላቅሎ እንዳይረጭ የሚያደርግ ነው። ይህ ወንፊት በእጅ ወይም በፒንሳ ተሽከርክሮ ይፈታል፤ ፒንሳው እንዳይልጠው ጨርቅ መጠቅለል ይበጃል። ፈትቼ ባየው አሸዋ፣ የዝገት ቅርፊትና ነጭ እንደ ኖራ ያለ ነገር ደርቆበታል። በጥርስ ብሩሽ ጠርጌ፣ ነጩ እንዲለቅ ሌሊቱን በኮምጣጤ ነክሬ መለስሁት። በሚቀጥለው ፈረቃ ብለካው 10 ሊትሩን በ5 ደቂቃ ሞላ። እናቴ ደስ አላት፤ እኔ ግን ደብተሬን ሳየው ከደስታዬ ይልቅ ግርምቴ በለጠ። የወጥ ቤቱ ከግቢው ጋር ትክክል ሆኗል፤ ነገር ግን ሁለቱም እኩል ደካማ ናቸው። ሁለት ቧንቧዎች እኩል ከደከሙ፣ ድካሙ ያለው ሁለቱም ከመለያየታቸው በፊት በሚጋሩት መንገድ ላይ ነው። በእኛ ቤት ይህ መንገድ ከቆጣሪው አንሥቶ እስከ ግቢው ቧንቧ ድረስ ያለው 7 ሜትር የብረት ቧንቧ ነው።

ከዚህ በኋላ ያደረግሁት ሁለት ነገር ነው። በመጀመሪያ በቤቱ ያሉትን ቧንቧዎች ሁሉ ዘግቼ ቆጣሪውን አየሁ። ማንም ውኃ ሳይቀዳ በቆጣሪው ፊት ያለችው ትንሽ ተሽከርካሪ የምትዞር ከሆነ፣ ውኃው በመሬት ውስጥ እየፈሰሰ ነው ማለት ነው። የእኛ አልዞረችም። ቀጥዬ ከቆጣሪው በኋላ ያለው የኛው መዝጊያ ሙሉ በሙሉ መከፈቱን አረጋገጥሁ። አንድ ጊዜ ሥራ ሲሠራ ተዘግቶ በግማሽ ብቻ ተከፍቶ የሚረሳ መዝጊያ አለና። የእኛ ሙሉ በሙሉ ተከፍቷል። ቆጣሪውን ራሱንና የታሸገበትን ሽቦ ግን አልነካሁም፤ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ስለሆነ ማኅተሙን መስበር ያስቀጣል።

እስከዚህ ድረስ የሠራሁት ሁሉ መልካም ነበር። በዚህ ላይ ባቆም ኖሮ ይህ ጽሑፍ አጭር ይሆን ነበር።

በየካቲት ወር፣ በአንድ እሑድ ቀን፣ እናቴ ለቅሶ ልትደርስ ስትወጣ፣ እኔና ወንድሜ በአቅራቢያችን ካለ ጋራዥ ትልቅ የቧንቧ መፍቻ ተውሰን የግቢውን ቧንቧ መታጠፊያ ልንፈታ ተነሣን። ቀኑ ውኃ የሌለበት ነበር። መዝጊያውን ዘጋሁ፤ ከዚያም መዘጋቱን ለማረጋገጥ የግቢውን ቧንቧ ከፈትሁ፤ ምንም አልወረደም። ተዘግቷል አልሁ። አንባቢ ስሕተቴን ሳያየው አልቀረም። በመሥመሩ ውኃ በሌለበት ቀን መዝጊያው ቢዘጋም ባይዘጋም ቧንቧው ደረቅ ነው! ያ አሮጌ መዝጊያ ለዓመታት ሳይነካ የቆየ በመሆኑ እጀታው ዞረ እንጂ ውስጡ አልከደነም ነበር።

ወንድሜ መፍቻውን ያዘ፤ እኔ በእጀታው ላይ ክብደቴን ጣልሁ። መታጠፊያው ንቅንቅ አላለም። ሁለታችንም ሆነን ስንጫነው አንድ ነገር ቀጭ አለ። ተፈታ ብለን ስንደሰት፣ የተቆረጠው ከመታጠፊያው በታች፣ ከሲሚንቶው ውስጥ የሚወጣው ቧንቧ ነበር። ወንድሜ «አሁን ምን እናድርግ?» አለኝ። ውኃው የሚመጣው ማክሰኞ ነው፣ እስከዚያ መላ አናጣለትም ብዬ አጽናናሁት፤ ለእናቴም ሳልነግራት መሸ።

ፈረቃው ግን ያለ ወትሮው በዚያው ሌሊት መጣ። የነቃነው የአልጋው ሥር ነጠላ ጫማ ሲንሳፈፍ ነው። ከተሰበረው ቧንቧ የወጣው ውኃ በዕቃ ቤቱ በር ሥር ገብቶ፣ መሬት ላይ የነበረውን ግማሽ ኩንታል የጤፍ ዱቄት ከሥሩ አርሶታል። እንጨት ጠርበን ወተፍን፤ በላዩም የብስክሌት ላስቲክ ጠመጠምን፤ የጎረቤታችን ልጆችም መጥተው በባልዲ ቀዱ። እናቴ አንድ ቃል አልተናገረችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ደረቅ የቀረውን ዱቄት በብርሃን እየለየች በሰፌድ ስትቀንስ ነጋ፤ በዚያ ቀን ለሱቆቹ የደረሰው እንጀራ ግማሽ ብቻ ነበር።

ሲነጋ ጎረቤታችን ከታችኛው ሠፈር አንድ አዛውንት የቧንቧ ባለሙያ አስጠሩልን። ጋሼ (እኔ የምጠራቸው እንዲህ ነው) ገና ሳይቀመጡ የተሰበረውን አይተው «ይህን ማን ፈታው?» አሉ።

«እኔ ነኝ ጋሼ» አልሁ።

«በስንት መፍቻ?»

«በአንድ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያም እንዲህ ሲሉ አስረዱኝ። የቧንቧ ጥርስ የሚፈታው በሁለት መፍቻ ነው፤ አንዱ የሚቀረውን ቧንቧ አጥብቆ ይይዛል፣ ሌላው የሚፈታውን ያዞራል። በአንድ መፍቻ ብቻ ሲሆን የተጫንነው ኃይል ሁሉ ወደ ተቀበረው ቧንቧ ይሄዳል፤ አሮጌም ከሆነ በደከመበት ላይ ይቆረጣል። ከዚህም ሌላ፣ ዝገት አንድ ያደረገውን ጥርስ እሳቸው ጨርሶ አይታገሉትም፤ ደኅና ከሆነው ላይ በመጋዝ ቆርጠው አዲስ ይቀጥላሉ። እኔ በክንዴ ልሠራው ያሰብሁትን እሳቸው በመጋዝ በጥቂት ደቂቃ ጨረሱት።

ከዚህ በፊት ግን ደብተሬን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ፤ ወንድሜን ጠርተው ስለ ወጥ ቤቱ ጠየቁት፤ ስለ ጎረቤታችን 50 ሴኮንድም ጠየቁት። ውኃው ገና ስላልሄደ ከመዝጊያው ቀጥሎ ያለውን መጋጠሚያ ፈትተው ባልዲውን ከዚያ ላይ አስቀመጡ፤ 45 ሴኮንድ። እንግዲህ እስከ መዝጊያው ድረስ ውኃው ደኅና ነው፤ ሕመሙ ያለው በዚያ በ7 ሜትሩ ውስጥ ነው። «ሰው ሲጠራኝ ቤቱን ሁሉ አፍርሼ የምፈልገውን እናንተ ጽፋችሁ አቆያችሁኝ» አሉ። የደስታዬ ነገር! የዱቄቱ ነገር ባይኖር ኖሮ ሙሉ ይሆን ነበር።

ከአሮጌው ቧንቧ አንዱን ቁራጭ ሰጡኝ። ቧንቧው ግማሽ ኢንች የሚባለው ሲሆን አዲስ በነበረበት ጊዜ የውስጡ ስፋት 15 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አሁን ግን እርሳሴን ባስገባው በጭንቅ አለፈ፤ የቀረው ቀዳዳ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነበር። ምክንያቱ እንዲህ ነው። የብረት ቧንቧ እንዳይዝግ በዚንክ ይለበጣል። ዚንኩ ብረቱን እየጠበቀ ራሱ ቀስ በቀስ ያልቃል፤ ካለቀ በኋላ ብረቱ ይዝጋል፤ ዝገቱም ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ወደ ውስጥ እያበጠ መንገዱን ያጠባል። በፈረቃ ለሚኖር ቤት ደግሞ ይብሳል፤ ቧንቧው አንድ ቀን እየሞላ፣ ሁለት ቀን እየደረቀ አየር ስለሚገባው ዝገቱ ይፋጠናል፤ ውኃው በድንገት ሲመጣም የተላጠውን ቅርፊት ገፍቶ ከመታጠፊያው ላይ ይከምረዋል። የእኛ ቧንቧ የተቀበረው በአያቴ ዘመን፣ በ1960ዎቹ ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ አስቸገረኝ። ስፋቱ በግማሽ ቢጠብ ውኃው ለምን በግማሽ አይቀንስም? መምህራችንን ብጠይቃቸው በጥቁር ሰሌዳ ላይ አሳዩኝ። የክብ ቀዳዳ ስፋት ከዳር እስከ ዳር በግማሽ ሲቀንስ፣ የአፉ ይዞታ ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። በዚያ ላይ ውኃው ከግድግዳው ጋር የሚያደርገው ሰበቃ በጠባብ ቧንቧ ውስጥ ይበረታል፤ ስለዚህ መሐንዲሶች በሚጠቀሙበት ስሌት መሠረት በዚያው ግፊት የሚያልፈው ውኃ ወደ አንድ ስድስተኛ ገደማ ይወርዳል። የጎረቤታችን 12 ሊትር ለ6 ሲካፈል 2 ሊትር መሆኑን ሳይ መጮህ ቃጣኝ። መምህራችን ግን «ቧንቧው በመላ ርዝመቱ እኩል አልጠበበም፤ ልኩ ይህን ያህል መግጠሙ አጋጣሚም አለበት» ብለው አበረዱኝ። ልክ ናቸው። ቢሆንም ፓምፕ ገዝተን ቢሆን ኖሮ በእርሳስ ቀዳዳ ውኃ ለመግፋት ኤሌክትሪክ ስንከፍል እንኖር ነበር።

ጋሼ 7 ሜትሩን በአዲስ የፕላስቲክ ቧንቧ ተክተው፣ መዝጊያውንም ለውጠው በግማሽ ቀን ጨረሱ። የድካማቸው ዋጋ እናቴ በአራት ቀን የምታተርፈው ነበር። የረጠበው ዱቄት ግን ከዚህ በለጠ። እንግዲህ ራሴ ሠርቼ ላተርፍ ያሰብሁት ገንዘብ፣ የራሴው ሥራ ካከሰረው ያንሳል። ይህን የምጽፈው በራስ መሥራትን ለመንቀፍ አይደለም። ወንፊቱን ለማጽዳት ባለሙያ የሚጠራ ሰው ገንዘቡን በከንቱ ያወጣል፤ የቧንቧ አፍ ሲያንጠባጥብ ጎማውን መለወጥም ከአንድ ካቻቪቴና ከአንድ መፍቻ በላይ አይጠይቅም። ሲመለስ ነጩን የቴፍሎን ፋሻ ጥርሱ በሚጠብቅበት አቅጣጫ መጠምጠም ነው፤ በተቃራኒው የተጠመጠመ እንደሆነ ሲጠብቅ ይፈታና ማፍሰሱን ይቀጥላል። እኔ አሁን የምለየው እንዲህ ነው፤ ተሳስቼ ብገኝ ውኃውን ማቆም እችላለሁ ወይ? የምችል ከሆነ እጀምራለሁ። መዝጊያው መያዙ ውኃ ባለበት ቀን ካልተፈተነ፣ ወይም ነገሩ ከግድግዳና ከሲሚንቶ ውስጥ ከሆነ፣ እጄን እሰበስባለሁ። ከኤሌክትሪክ ጋር የተያያዘ የውኃ ማሞቂያማ ሲሆን ጨርሶ አልጠጋም።

በየቤቱ ጣሪያ ላይ ሮቶ የሰቀላችሁ ወላጆችም ስላላችሁ ስለዚያም አንድ ቃል ልበል። አክስቴ የመታጠቢያ ቤታቸው ውኃ ስለ ደከመ ሮቶውን ከፍ ለማድረግ አስበው ነበር። ከመታጠቢያው በላይ 3 ሜትር ላይ ያለ ሮቶ የሚሰጠው ግፊት ከከባቢ አየር ግፊት ሦስት አሥረኛ ያህል ብቻ ነው። ኢጣልያዊው ሊቅ ኤቫንጄሊስታ ቶሪቼሊ እ.ኤ.አ. በ1644 ባሳተመው ጽሑፍ እንዳስረዳው፣ ከቀዳዳ የሚወጣ ውኃ ፍጥነቱ እጥፍ እንዲሆን ከላዩ ያለው ከፍታ አራት እጥፍ መሆን አለበት። አክስቴ እንግዲህ ፍጥነቱን እጥፍ ለማድረግ 12 ሜትር፣ ማለት የደወል ቤት የሚያህል ማማ ሊያሠሩ ነው! የገላ መታጠቢያውን ቀዳዳዎች በኮምጣጤ አጽድተን፣ ከሮቶው የሚወርደውን ቀጭን ቧንቧ ሰፋ ባለው አስለወጡና ማማው ቀረ።

በቤታችን የመጨረሻው ልክ የተጻፈው በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ነው፤ 10 ሊትር በ55 ሴኮንድ። ውኃው ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲመጣ ሦስቱ በርሜሎች 4 ሰዓት ሳይሞላ ይሞላሉ። ጎማውን የሚያዛውረውም ወንድሜ ነው፤ እናቴ በዚያ ሰዓት ተኝታለች። የተቆረጠውን አሮጌ ቧንቧ እርሳሱን እንደ ያዘ ለትምህርት ቤታችን የፊዚክስ ክፍል አስረክቤዋለሁ፤ በመስኮቱ አጠገብ ባለው መደርደሪያ ላይ ተቀምጧልና ለማየት የሚፈልግ መምህራችንን ይጠይቅ። እርሳሱን ግን በኃይል አትሳቡት፤ ዝገቱ ይረግፋል።